በዝናብ ቀን ቤት ቁጭ ብሎ የእንቁጣጣሽ ስዕል እንዴት ይሰራል?

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዝናቡ አንዳንዴ ከጠዋት ጀምሮ እስከ ማታ አያባራም። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ደጁ ጭቃ ነው። እኛ ቤት እንዲህ ያለው ቀን የእንቁጣጣሽ ስዕል ቀን ነው። ልጅ ሆነን መስከረም 1 ጠዋት ጎረቤት ለጎረቤት እየዞርን ሰጥተን ሳንቲም የምንቀበልበት ስዕል። አሁን ታትሞ በየመንገዱ ይሸጣል። እኔ ግን ልጅ በእጁ የሳለውን ይዞ በሬን ሲያንኳኳ የሚሰማኝን ደስታ ከታተመው አግኝቼው አላውቅም።

የሚያስፈልገው ወፈር ያለ ነጭ ወረቀት፣ የውሃ ቀለም፣ አንድ ቀጭንና አንድ ወፍራም ብሩሽ፣ እርሳስ፣ የወረቀት ፕላስተርና ጥቁር እስክሪብቶ ነው። የደብተር ወረቀት አይሆንም፤ ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል። ገንዘብ ካጠረ ከብሩሽ ቀንሱና ወረቀቱ ላይ ጨምሩ። ፓርከር ይቀላል፣ ግን የአደይን ቢጫ አያመጣውም።

ወረቀቱን ለሁለት ቆርጣችሁ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ጣውላ ወይም ትሪ ላይ ለጥፉ። እንዲህ ከተያዘ ሲደርቅ አይጠቀለልም። መብራት ከጠፋ መስኮት አጠገብ ተቀመጡ።

አሁን አደይ አበባውን በእርሳስ ንደፉ። መሃሉ ላይ ትንሽ ክብ አድርጉ። መጀመሪያ አራት ቅጠል በመስቀል ቅርጽ አውጡ፣ ከዚያ በየመካከላቸው አንድ አንድ ጨምሩ። ስምንት ይሆናሉ። ስምንቱን በተርታ ከጀመራችሁ የመጨረሻው ቦታ ያጣል። እርሳሱን አትጫኑት፤ ቢጫ ቀለም ጥቁር መስመር አይሸፍንም።

ቀለሙ ላይ እንቆይ፤ ብዙው ሰው ስዕሉን የሚያበላሸው እዚህ ነው። መጀመሪያ በውሃ የቀጠነ ቢጫ ቅቡ። ከዚያ ተዉት። ሌላ ወረቀት ጀምሩ፣ ሻይ ጣዱ፣ በቆሎ ጥበሱ። በበጋ አስር ደቂቃ የሚበቃው ቀለም በክረምት ግማሽ ሰዓትም ላይበቃው ይችላል፤ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። መድረቁን ለማወቅ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዘንብሉት። የሚያብለጨልጭ ነገር ካለ ገና ነው። ማብለጭለጩ ቢጠፋም በጣታችሁ ጀርባ ንኩት፤ ከቀዘቀዛችሁ አሁንም ውስጡ ውሃ አለ። ሲደርቅ ጠቆር ያለውን ቢጫ ከመሃሉ ወደ ጫፍ በቀጭኑ ብሩሽ ሳቡት። አረንጓዴው ግንድ ከሁሉም በኋላ ይመጣል። እርጥብ ቢጫ አጠገብ አረንጓዴ ከነካችሁ አንዱ ወደ ሌላው ይሮጣል፣ አበባውም ይደፈርሳል።

አንድ ዓመት ይህን ሁሉ በትክክል ሰርቼ መጨረሻው ላይ ቸኮልኩ። ሃያ ስዕል ነበር። ላያቸው የደረቀ ስለመሰለኝ ደራርቤ ከባድ መጽሐፍ ጫንኩባቸው። ጠዋት ሳነሳቸው ተጣብቀዋል። ስለያያቸው የአንዱ አበባ በሌላው ጀርባ ላይ ቀረ። ልጄ ምንም አላለችም፣ ዝም ብላ የተረፉትን ቆጠረች። ስድስት ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቀለሙ ማብለጭለጩን እስኪተው ጠረጴዛ ላይ ይተኛል፤ ከዚያ ፕላስተሩን ወደ ውጭ አዘንብዬ ቀስ ብዬ እልጠዋለሁ፤ ወደ ላይ ከተሳበ ወረቀቱን ይዞ ይነሳል። ቀጥሎ ቤት ውስጥ ገመድ ወጥሬ ስዕሉን በልብስ መቆንጠጫ እሰቅለዋለሁ፤ እዚያው ያድራል። ገና እርጥብ ሳለ ከተሰቀለ ቀለሙ ወደ ታች ይፈሳል። ለማድረቅ ብላችሁ ደግሞ በተዘጋ ቤት ከሰል እንዳታቀጣጥሉ፤ ጭሱ ባይታይም ሰው ይገድላል።

ጽሑፉ በማግስቱ፣ ወረቀቱ ሲደርቅ ይጻፋል። እዚህም ብዙ ሰው ይሳሳታል። «እንኳን ከዘመነ... ወደ ዘመነ... በሰላም አሸጋገራችሁ» ሲባል የወንጌላዊው ስም መስተካከል አለበት። ስሌቱ ቀላል ነው። የቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደምርና ለ4 ያካፍላል። 5500 ራሱ ለ4 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል አዲሱን ዓመት ብቻ ብታካፍሉ መልሱ ያው ነው። 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። ለምሳሌ 2019 ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ ስለዚህ «ከዘመነ ማርቆስ ወደ ዘመነ ሉቃስ» ተብሎ ይጻፋል። ፊደሉን መጀመሪያ በእርሳስ፣ ቀጥሎ በእስክሪብቶ። ትንሽ ልጅ ከሆነ ፊደሉ ይንጋደድ፣ አታስተካክሉለት።

 ወደ ላይ ከተሳበ ወረቀቱን ይዞ ይነሳል። ስዕሎቹን በየመካከላቸው ንጹሕ ወረቀት አስገብታችሁ ደረቅ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡ። መስከረም 1 ጠዋትም ሊያካፋ ስለሚችል ልጆቹ ሲወጡ ስዕሎቹን ላስቲክ ፋይል ውስጥ አድርጉላቸው።