ግሩቪ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለምን ይወድቃል?

ድሬ ከስምንት ሰዓት በኋላ ሰው ጫቱን ይዞ ጥላ ፍለጋ ነው። ሲስተማችንም እንደዚያው። መጋላ ላለ አንድ ጅምላ አከፋፋይ የሠራነው፣ የቅናሽ ስሌቱ በግሩቪ (ጃቫ ላይ በሚሮጥ የፕሮግራም ቋንቋ) የተጻፈ የሽያጭ ፕሮግራም ጠዋት ደህና ይሠራና ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ዝርግፍ ይላል። ሙቀቱ ነው ብለን ማራገቢያውን ሁሉ ወደ ሰርቨሩ አዙረን ነበር።

ምልክቱ፦ ሎጉ «አውት ኦፍ ሜሞሪ» (ሜሞሪ አልቋል) ይላል። አጠገቡ ግን «ሜታስፔስ» የምትል ቃል አለች። እሷን ሳያዩ ሂፕ (ፕሮግራሙ ኦብጀክቶቹን የሚያስቀምጥበትን ሜሞሪ) መጨመር ዋጋ የለውም። ሜታስፔስ ከጃቫ 8 ወዲህ የክላሶች (ኦብጀክት የሚፈጠርባቸው የኮድ ንድፎች) መረጃ የሚቀመጥበት፣ ከሂፕ ውጭ ያለ ቦታ ነው፤ እኛ ደግሞ ገደብ አድርገንበታል።

ምክንያቱ፦ ጄቪኤም (የጃቫን ኮድ የሚያስኬደው ሞተር) የሚያውቀው ክላስ ብቻ ስለሆነ የግሩቪ ስክሪፕት ከመሮጡ በፊት ክላስ ይሆናል። የኛ ኮድ የቅናሽ ስሌቷን፣ ያችኑ ሁለት መስመር፣ ለእያንዳንዱ ደረሰኝ እንደ አዲስ «ኢቫሉዌት» ያደርጋል፣ ማለትም ከጽሑፉ ተርጉሞ ያስኬዳል። ስክሪፕቱን የሚያስኬደው ሼል ደግሞ አንድ ስለሆነና ስለማይለቀቅ የተወለደው ክላስ ሁሉ እዚያው ይቀራል፤ ከጠዋት ጀምሮ ሲጠራቀም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገደቡን ይሞላል። የክላስ ጭነት ሎግ ከፍተን ስናይ ስክሪፕት1፣ ስክሪፕት2፣ ስክሪፕት3 እያለ ከደረሰኝ ቁጥሩ ጋር እኩል ይነጉዳል። ያኔ ሳቅን።

መፍትሄው፦ ስክሪፕቱን አንዴ ፓርስ አድርጋችሁ (ወደ ክላስ ቀይራችሁ) ክላሱን፣ የስክሪፕቱን ጽሑፍ ቁልፍ አድርጋችሁ፣ ማፕ ውስጥ አስቀምጡ። ለእያንዳንዱ ደረሰኝ ከዚያ ክላስ አዲስ ኦብጀክት ከነራሱ ባይንዲንግ (ስክሪፕቱ የሚያነባቸው ተለዋዋጮች መያዣ) ፍጠሩ። ይቺን የመጨረሻዋን አትዝለሏት። እኔ ዘልያት፣ ሁለት ካሸሮች እኩል ሲሸጡ የአንዱ ደንበኛ ቅናሽ ለሌላው ሄደ፤ ባለቤቱ እስከዛሬ ያነሳብኛል።

ጃቫ ላይ ሌሎች የስክሪፕት ቋንቋዎች ለምትጠቀሙም ሁለት ነገር ልጨምር። ከጃቫ 8 ወደ 17 ስትሻገሩ በጃቫስክሪፕት የጻፋችኋቸው ህጎች «ነል ፖይንተር» የሚል ስህተት ካሳዩ ኮዳችሁን አትፈትሹ። ጃቫስክሪፕትን የሚያስኬደው ኢንጂን ናሾርን ከጃቫ 15 ጀምሮ ከጃቫ ውስጥ ወጥቷል፤ ኢንጂኑን በስም ስትጠይቁት ስህተት አይወረውርም፣ ዝም ብሎ ነል (ባዶ) ይሰጣችኋል። ለብቻው የሚወጣውን ናሾርን እንደ ዲፔንደንሲ (ተጨማሪ ላይብረሪ) ጨምሩ፣ ኢምፖርቱ ላይም የፓኬጅ ስሙ መቀየሩን እዩ።

ጄሩቢ (ሩቢ የተባለውን ቋንቋ ጄቪኤም ላይ የሚያስኬደው) ትንሿን ስክሪፕት ለመጀመር ከዘገየባችሁ «ዴቭ» የሚለውን አማራጭ ስጡት። ቶሎ ይነሳል። ምክንያቱ ግን በ2011 ከጃቫ 7 ጋር የመጣውን ኢንቮክዳይናሚክ (የተለዋዋጭ ቋንቋዎችን ጥሪ የሚያፋጥን የጄቪኤም ትዕዛዝ) እና ከባዱን ኦፕቲማይዜሽን ስለሚተው ነው፣ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ በሚሠራ ሰርቨር ላይ ሳታነሱት እንዳትረሱት።