የራሳችሁ ሰርቨር ላይ የቲኤልኤስ ሰርቲፊኬት ራሱ መጥቶ ራሱ እንዲታደስ ማድረጊያ

ሰርቲፊኬቱ (ሳይታችሁ በኤችቲቲፒኤስ እንዲከፈት የሚያደርገው ፋይል) ታድሶ ዲስኩ ላይ ቁጭ ብሏል፣ ሎጉም ተሳክቷል ይላል፣ ብራውዘሩ ግን ጊዜው ያለፈበት ሰርቲፊኬት ነው እያለ አላስገባም ብሏል። ይሄ የራሴ ሰርቨር ላይ የደረሰ ነገር ነው፣ ግማሽ ቀን ዲኤንኤሱን ስፈትሽ ፋየርዎሉን ስፈትሽ ዋልኩ፣ ለካ ኤንጂንኤክስ፣ ሳይቱን የሚያቀርበው ዌብ ሰርቨር፣ ሲነሳ ያነበበውን አሮጌ ሰርቲፊኬት ሜሞሪ ላይ ይዞ እየሰራ ነበረ፣ አዲሱን አንብብ ያለው የለማ። አንድ ሪሎድ ሰጠሁት፣ ሳይቱ ተከፈተ። ከዛ ወዲህ ሰው ሲጠይቀኝ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ሰርቲፊኬት ማውጣቱ የአምስት ደቂቃ ስራ ነው፣ ዋናው ስራ ከሁለት ወር በኋላ እናንተ ሳታዩት የሚሆነው ነው። ይሄንን ጽሁፍም የጻፍኩት ለሱ ብዬ ነው።

ኮማንዶቹን እንደሚነበቡ አድርጌ ነው የምጽፋቸው፣ ተርሚናል ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ትጽፏቸዋላችሁ።

ከጀርባ ምን እንደሚካሄድ

ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባለው ሰርቲፊኬት ሰጪ ከ2015 መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለማንም ሰው በነጻ ሰርቲፊኬት ይሰጣል። ፎርም መሙላት፣ ማመልከት ምናምን የለም፣ ሰርቨራችሁ ላይ ያለ ፕሮግራም አክሚ በሚባል ፕሮቶኮል (2019 እ.ኤ.አ. ላይ አርኤፍሲ 8555 የሚባል የኢንተርኔት ደረጃ ሰነድ ሆኖ ወጥቷል) ያናግራቸውና ጉዳዩ እዛው ያልቃል። እነሱ የሚፈልጉት ዶሜኑ በእጃችሁ መሆኑን ማረጋገጥ ብቻ ነው። ለዛ ሁለት ዋና መንገድ አለ። አንደኛው፣ አንድ ፋይል ሰርቨራችሁ ላይ አስቀምጡ ይሉና በፖርት 80 መጥተው ያነቡታል፣ ኤችቲቲፒ ቻሌንጅ የሚባለው ነው። ሁለተኛው፣ ዶሜናችሁ ዲኤንኤስ ላይ አንድ ቲኤክስቲ ሪከርድ አስገቡ ይሉና እሱን ያያሉ፣ ይሄኛው ዲኤንኤስ ቻሌንጅ ነው፣ ሰርቨራችሁ ጋ ጭራሽ አይመጡም። የትኛውን እንደምትመርጡ የሚወስነው ሰርቨራችሁ ከውጭ ይታያል ወይስ አይታይም የሚለው ነው፣ ሌላው ሁሉ ከሱ በኋላ የሚመጣ ነው።

አንደኛ፦ ዶሜኑና ፖርቶቹ

ዶሜናችሁ ወደ ሰርቨራችሁ አይፒ የሚያመለክት ኤ ሪከርድ ይኑረው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፋት ነገር አለች፣ ኳድ ኤ የሚባለው የአይፒቪ6 ሪከርድ። ድሮ የነበረ ሰርቨር ላይ ያስገባችሁት ኳድ ኤ ሳይጠፋ ቀርቶ ከሆነ ሌትስ ኢንክሪፕት ቅድሚያ የሚሰጠው ለአይፒቪ6 ስለሆነ የድሮው ማሽን ጋ ሄዶ ያንኳኳል፣ እዛ የሚያገኘው መልስ የናንተ አይደለም፣ ይወድቃል። እናንተ ደግሞ ስልካችሁ ላይ ሳይቱ በአይፒቪ4 ቁልጭ ብሎ ስለሚከፈት ችግሩ የት እንዳለ አይገባችሁም። የማትጠቀሙበት ከሆነ አጥፉት።

ከዛ ፖርት 80ንም 443ንም ክፈቱ፣ ቤት ውስጥ ያለ ማሽን ከሆነ ራውተሩ ላይ ሁለቱንም ወደ ማሽኑ ፎርዋርድ አድርጉ። ሁሉም ነገር ኤችቲቲፒኤስ ስለሆነ 80ን ልዝጋው የሚል ሰው አለ፣ አትዝጉት፣ ቻሌንጁ የሚገባው በሱ ነው። ፋየርዎላችሁ ላይ ከተወሰነ አገር ውጭ አታስገባ የሚል ህግ ካለም ያው ነው የሚገጥማችሁ፣ ምክንያቱም ማረጋገጫው ከአንድ ቦታ ብቻ አይመጣም፣ ከተለያየ የአለም ክፍል በአንድ ጊዜ ነው የሚጠይቁት፣ የትኞቹ አይፒዎች እንደሆኑም ሆን ብለው አያሳውቁም።

የኢንተርኔት አቅራቢያችሁ የራሳችሁ የሆነ ፐብሊክ አይፒ ካልሰጣችሁ፣ ማለትም ራውተሩ ላይ የሚታየው አይፒና ከውጭ የሚታየው አይፒ የተለያየ ከሆነ፣ ፎርዋርድ ብታደርጉም የሚገባ ነገር የለም። በዚህ አትድከሙ፣ በቀጥታ ወደ ሶስተኛው እለፉ።

ሁለተኛ፦ ፕሮግራሙን መምረጥ

ከዜሮ የምትጀምሩ ከሆነ ካዲ የሚባለውን ዌብ ሰርቨር ተጠቀሙ። ይሄን የምለው ስለወደድኩት ብቻ አይደለም፣ መግቢያው ላይ ያወራሁት ችግር እሱ ጋ ስለማይፈጠር ነው፣ ሰርቲፊኬቱን የሚያወጣውም የሚያቀርበውም ያው አንዱ ፕሮግራም ስለሆነ ሲያድስ አዲሱን ወዲያው ይዞ ይቀጥላል፣ ሪሎድ ብሎ ነገር የለም። ካዲፋይል የሚባለው ፋይሉ ላይ የዶሜናችሁን ስም ትጽፋላችሁ፣ ጥምዝ ቅንፍ ትከፍታላችሁ፣ ቀጥሎ ባለው መስመር ሪቨርስ ፕሮክሲ ብላችሁ (ሁለቱን ቃል በአንደርስኮር አያይዙት) ሎካልሆስትና አፑ የሚሰራበትን ፖርት፣ ለምሳሌ 8080፣ ትጽፋላችሁ፣ ቅንፉን ትዘጋላችሁ። ሶስት መስመር፣ በቃ። ሰርቲፊኬቱን ያወጣል፣ ከኤችቲቲፒ የሚመጣውን ወደ ኤችቲቲፒኤስ ያዞራል፣ ከእድሜው አንድ ሶስተኛ ገደማ ሲቀረው ያድሳል።

ካዲን በዶከር (ፕሮግራሞችን በየኮንቴይነር ለይቶ የሚያስኬድ) የምትጭኑ ከሆነ ግን ዳታ የሚባለውን ፎልደር ቮልዩም ላይ፣ ማለትም ኮንቴይነሩ ቢጠፋም የሚቀር ማከማቻ ላይ፣ አድርጉት፣ ይሄን እባካችሁ እንዳትዘሉት። ሰርቲፊኬቶቹ የሚቀመጡት እዛ ነው፣ ቮልዩም ከሌለው ኮንቴይነሩን ባፈረሳችሁ ቁጥር አብረው ይጠፋሉ፣ ሲነሳ እንደገና አዲስ ይጠይቃል፣ ሌትስ ኢንክሪፕት ደግሞ ለተመሳሳይ የስም ዝርዝር በ7 ቀን ውስጥ ከ5 በላይ አይሰጥም። ኮንፊግ እየነካካችሁ አንድ ማታ ላይ አምስቱን መጨረስ በጣም ቀላል ነው።

ኤንጂንኤክስ አስቀድማችሁ ካላችሁና መቀየር ካልፈለጋችሁ ሰርትቦት አለላችሁ። ጭናችሁት «ሱዶ ሰርትቦት፣ ሁለት ሰረዝ ኤንጂንኤክስ፣ አንድ ሰረዝ ዲ፣ ከዛ ዶሜናችሁን» ስትሉት ሰርቲፊኬቱን አውጥቶ የኤንጂንኤክስ ኮንፊጉን ራሱ ያስተካክላል፣ ሲያድስም ራሱ ሪሎድ ያደርጋል። በዚህ መንገድ ከሄዳችሁ ደህና ናችሁ።

ችግር ያለው «ሰርትኦንሊ» የሚለውን ስትጠቀሙ ነው፣ እኔም የተያዝኩት በዚሁ ነው። ስሙ እንደሚለው ሰርቲፊኬቱን ብቻ ነው የሚያመጣላችሁ፣ ማንንም ሪሎድ አያደርግም። ኢቲሲ ውስጥ ሌትስኢንክሪፕት የሚባለው ፎልደር ስር ሪኒዋል ሁክስ፣ እሱ ውስጥ ዲፕሎይ የሚል ፎልደር ታገኛላችሁ፣ እዛ አንዲት ትንሽ የሼል ስክሪፕት አስቀምጡ፣ ውስጧ «ሲስተምሲቲኤል ሪሎድ ኤንጂንኤክስ» የሚል አንድ መስመር፣ ኤክሰኪውት ፐርሚሽን መስጠት አትርሱ። የሜይል ሰርቨርም በዚሁ ሰርቲፊኬት የሚሰራ ከሆነ የሱንም ሪሎድ እዛው ጨምሩ፣ ዌብሳይቱ ደህና ሆኖ ሜይሉ ብቻ ሲቆም ለማወቅ ረጅም ጊዜ ይፈጃል።

ኮንፊግ ላይ የምትሰጡት ፋይል ፉልቼይን የሚለውንና ፕራይቭኪ የሚለውን ነው፣ ሰርት የሚለውን ብቻ ከሰጣችሁ አንዳንድ ብራውዘር ይከፍታል፣ የስልክ አፕ ግን እምቢ ይላል፣ መሃል ያለው ሰርቲፊኬት ስለሚጎድለው ነው። ፋይሎቹን ወደ ሌላ ቦታ ኮፒ አታድርጉ፣ ኮፒው አይታደስም። ላይቭ ፎልደር ውስጥ የምታዩዋቸው አርካይቭ ወደሚባለው ፎልደር የሚያመለክቱ ሊንኮች ስለሆኑ ለዶከር ኮንቴይነር ስትሰጡም ላይቭን ብቻ ሳይሆን ሌትስኢንክሪፕት የሚለውን ፎልደር እንዳለ ስጡት፣ ካልሆነ ሊንኩ ባዶ ነገር ላይ ያመለክታል።

ሶስተኛ፦ ሰርቨሩ ከውጭ የማይታይ ከሆነ

እዚህ ዲኤንኤስ ቻሌንጅ ነው መልሱ፣ እኔ በግሌ የቤት ሰርቨር ሁሉ በዚህ ቢሆን ደስ ይለኛል። የዶሜናችሁ ዲኤንኤስ ያለበት ድርጅት ኤፒአይ (ፕሮግራም የሚያዝበት በር) ካለው ቶክን፣ ማለትም ፕሮግራሙ በናንተ ስም የሚገባበት ቁልፍ፣ ታወጣላችሁ፣ ለሰርትቦት የዛን ድርጅት ፕለጊን ትጭናላችሁ፣ ለካዲ ደግሞ ፕለጊኑ አብሮ የተሰራበትን ካዲ ዳውንሎድ ገጹ ላይ መርጣችሁ ታወርዳላችሁ፣ ቶክኑን ትሰጡታላችሁ። ከዛ ቲኤክስቲ ሪከርዱን ራሱ ያስገባል፣ ሲጨርስ ራሱ ያጠፋል። አንድም ፖርት አልተከፈተም። ኤ ሪከርዱን እንደ 192.168.1.20 ወዳለ የውስጥ አይፒ ብታመለክቱትም ችግር የለም፣ ቤት ውስጥ ብቻ የሚከፈት ግን ትክክለኛ ሰርቲፊኬት ያለው ሳይት ይሆንላችኋል። ሰርቲፊኬቱ ወጥቶ ስሙ አልከፈት ካለ ራውተራችሁን ተመልከቱት፣ አንዳንዱ ራውተር የውስጥ አይፒ የያዘ የዲኤንኤስ መልስ ሲመጣ ይከለክላል፣ ዶሜናችሁን ከክልከላው ማውጣት ነው።

ቶክኑን ግን አጥብቡት። መላ አካውንቱን የሚያዝ ቁልፍ አትስጡ፣ ያንን አንድ ዶሜን ዲኤንኤስ ብቻ የሚቀይር ቶክን አውጡ፣ ፋይሉን ደግሞ ሩት ብቻ እንዲያነበው ፐርሚሽኑን 600 አድርጉት። ይሄ ቶክን የያዘ ሰው በዶሜናችሁ ስም ሰርቲፊኬት ማውጣትም ሜይላችሁን ወደ ራሱ ማዞርም ይችላል።

ሌላው ጥቅሙ ዋይልድካርድ ነው፣ በኮከብ የሚጀምረውና ሳብዶሜኖቻችሁን በአንዴ የሚሸፍነው። ሌትስ ኢንክሪፕት ዋይልድካርድ የሚሰጠው በዲኤንኤስ ቻሌንጅ ብቻ ነው። ለምን ይጠቅማል ካላችሁ፣ የሚወጣ ሰርቲፊኬት ሁሉ ማንም ሊያየው የሚችል የህዝብ መዝገብ ላይ ይገባል፣ ከነስሙ። ካሜራ፣ ባካፕ፣ ፓስወርድ እያላችሁ ለየሳብዶሜኑ ሰርቲፊኬት ካወጣችሁ ቤታችሁ ውስጥ ምን ምን እንደሚሰራ ዘርዝራችሁ ለጠፋችሁ ማለት ነው። በዋይልድካርድ የሚታየው ኮከቡ ብቻ ነው።

አራተኛ፦ መሞከር፣ እዚህ ላይ አትቸኩሉ

መጀመሪያ ስትሞክሩ ስቴጂንግ የሚባለውን የሙከራ ሰርቨራቸውን ተጠቀሙ፣ ሰርትቦት ላይ «ሁለት ሰረዝ ቴስት ሰረዝ ሰርት» ነው። ብራውዘር አያምነውም ግን ገደቡ በጣም ሰፊ ነው። ዋናው ላይ አንድ ስም በሰአት 5 ጊዜ ከወደቀ ያስጠብቃችኋል፣ እየደጋገማችሁ ከመሞከራችሁ በፊት ሎጉን አንብቡ፣ የትኛው አድራሻ ጋ ሄዶ ምን እንዳገኘ ቁጭ አድርጎ ይነግራችኋል።

ሰርቲፊኬቱ ከወጣ በኋላ «ሱዶ ሰርትቦት ሪኒው፣ ሁለት ሰረዝ ድራይ ሰረዝ ራን» በሉት፣ እድሳቱን በውሸት ይሞክርላችኋል። ብዙ ሰው ይሄ ካለፈ ጨርሻለሁ ይላል፣ አልጨረሰም፣ ምክንያቱም ድራይ ራን በዲፎልት ዲፕሎይ ሁኩን አያስነሳውም። ያቺ ሪሎድ የምታደርገው ስክሪፕት ፐርሚሽን ባይኖራት፣ ስሟን አሳስታችሁ ጽፋችሁት ቢሆን፣ ድራይ ራኑ አሁንም አረንጓዴ ነው። ስለዚህ ስክሪፕቷን በእጃችሁ አንድ ጊዜ አስነሷት፣ ወይም አዳዲሶቹ ሰርትቦቶች ላይ «ራን ዲፕሎይ ሁክስ» የሚለውን ጨምሩበት።

ቀጥሎ ሁለት የማብቂያ ቀኖችን አስተያዩ። «ሱዶ ሰርትቦት ሰርቲፊኬትስ» ስትሉ ዲስክ ላይ ያለው መቼ እንደሚያበቃ ያሳያችኋል፣ ብራውዘር ላይ ደግሞ ከአድራሻው አጠገብ ያለውን ምልክት ነክታችሁ የሰርቲፊኬቱን ዝርዝር ስትከፍቱ ሰርቨሩ በትክክል እየሰጠ ያለው መቼ እንደሚያበቃ ታያላችሁ። ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። ካልሆኑ ሪሎድ አልተደረገም፣ የኔ ችግር ያኔ በዚህ በአንድ ደቂቃ ይታወቅ ነበር።

«ሲስተምሲቲኤል ሊስት ታይመርስ» ብላችሁም የሰርትቦት ታይመር መኖሩን እዩ፣ በቀን ሁለቴ ነው የሚነሳው።

አምስተኛ፦ የሚያስጠነቅቅ ነገር

የቆዩ ጽሁፎች ኢሜይላችሁን አስገቡ፣ ሊያበቃ ሲል ያስታውሷችኋል ይላሉ። ያ አሁን የለም፣ ሌትስ ኢንክሪፕት ከሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የማስታወሻ ኢሜይል መላክ አቁሟል። ስለዚህ የራሳችሁን አድርጉ፣ አፕታይም ኩማ የሚባለው ሳይት መከታተያ ፕሮግራም ሰርቲፊኬቱ ሊያበቃ ሲል መልእክት ይልካል፣ በሌላ ማሽን ላይ ብትጭኑት ይሻላል። 14 ቀን ሲቀር ከነገራችሁ ያኔ እድሳቱ ለሁለት ሳምንት ሲወድቅ ቆይቷል ማለት ነው፣ ለማስተካከልም ሁለት ሳምንት አላችሁ። በእጅ ልያዘው የሚባልበት ጊዜ እያለፈ ነው፣ የብራውዘር ሰሪዎችና የሰርቲፊኬት ሰጪዎች ፎረም ባጸደቀው መሰረት ከመጋቢት 2029 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የትኛውም የህዝብ ሰርቲፊኬት ከ47 ቀን በላይ አይኖረውም።

ኮንፊጉ ላይ የቀረው ትንሽ ነው። ቲኤልኤስ 1.2ና 1.3 ብቻ እንዲሰሩ አድርጉ። ኦሲኤስፒ ስቴፕሊንግ (ሰርቲፊኬቱ አለመሰረዙን ሰርቨሩ ራሱ የሚያሳይበት) የሚል መስመር ከድሮ ጽሁፍ ኮፒ አድርጋችሁ ከሆነ አውጡት፣ ሌትስ ኢንክሪፕት 2025 እ.ኤ.አ. ላይ የኦሲኤስፒ አገልግሎቱን ዘግቶታል። ኤችኤስቲኤስን፣ ብራውዘሩ ለተወሰነ ጊዜ ሳይታችሁን በኤችቲቲፒኤስ ብቻ እንዲከፍት የሚያዘውን፣ መጀመሪያ በ300 ሰከንድ ጀምሩት፣ ገና ያልተፈተነ እድሳት ላይ የአንድ አመት ኤችኤስቲኤስ ከጫናችሁ ሰርቲፊኬቱ ሲበላሽ ሰዉ ማስጠንቀቂያውን አልፎ የሚገባበት መንገድ እንኳን አይኖረውም።

ሰርቲፊኬቱ የ90 ቀን ከሆነ ካወጣችሁበት ቀን ቆጥራችሁ 62ኛው ቀን ላይ ስልካችሁ ካላንደር ውስጥ ማስታወሻ አስቀምጡ። በዛ ቀን ብራውዘር ላይ ገብታችሁ የሚያበቃበትን ቀን እዩ፣ ማንም ሳይነካው ወደፊት ተገፍቶ ካገኛችሁት ኤችኤስቲኤሱን ያኔ ወደ አንድ አመት አሳድጉት።