ከመጽሐፍ የተወሰደን የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም በውክልና ረገድ እንዴት እንመርምር?

አንድ ፊልም የተለያዩ ሕዝቦችን በአግባቡ ወክሏል ወይስ አልወከለም የሚለውን ለመወሰን ብዙ ሰው በማስታወቂያው ላይ የሚታዩትን ፊቶች ይቆጥራል። ፊልሙ ከመጽሐፍ የተወሰደ ሲሆን ግን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አለ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ምን እንደ ተለወጠ፣ ለውጡም ለማን ምን እንደ ሰጠና ከማን ምን እንደ ወሰደ መመልከት ይቻላል።

አስቀድመው መጽሐፉን እርሳስ ይዘው ያንብቡ። የገጸ ባሕርያቱን ስም፣ ዘር፣ ጾታ፣ ቋንቋና እምነት የሚገልጹትን ቦታዎች ያስምሩ፤ ደራሲው ዝም ያለበትንም ይመዝግቡ፤ ያልተጻፈውን በራሱ ግምት ሞልቶ «መጽሐፉ እንዲህ ይላል» ብሎ የሚሟገት አንባቢ ጥቂት አይደለምና። ተከታይ ቅጽ ካለም አይለፉት። በጄፍ ቫንደርሚር ልብ ወለድ «አናይሌሽን» ዋና ገጸ ባሕርይ የሆነችው የባዮሎጂ ባለሙያ የእስያ ዝርያ እንዳላት የሚታወቀው በሁለተኛው ቅጽ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣውን ፊልም ያዘጋጀው አሌክስ ጋርላንድ የመጀመሪያውን ቅጽ ብቻ አንብቦ እንደ ነበር ተናግሯል፤ ሚናውን ነጯ ተዋናይት ናታሊ ፖርትማን ተጫወተችው። ይህ የጋርላንድ ቃል የአዘጋጁን ሐሳብ ያስረዳል እንጂ ውጤቱን አይለውጠውም፤ ስለዚህ ሁለቱን ለያይተው ይጻፉ።

ስሞችን ያነጻጽሩ። በአንዲ ዊር «ዘ ማርሺያን» ቬንካት ካፑር የተባለው የናሳ ኃላፊ በ2015ቱ ፊልም ቪንሰንት ካፑር ሆኖ በቺዌተል ኤጂዮፎር ተተወነ። ለአንድ ጥቁር ተዋናይ ትልቅ ሚና ተገኘ፤ የገጸ ባሕርዩ ሕንዳዊነት ግን በቤተሰብ ስሙና አባቱ ሂንዱ መሆኑን በሚጠቅስ ንግግር ተወስኖ ቀረ። ፊት ብቻ የቆጠረ ሰው ትርፉን ሲያይ ኪሳራው ያመልጠዋል።

ከሁሉ በላይ ጊዜ መስጠት ያለብዎ ገጸ ባሕርዩ በታሪኩ ውስጥ ምን ለማድረግ እንደሚችል ለሚለው ጥያቄ ነው። ታሪኩ በአንዲት የበረሃ ፕላኔት ላይ በሚካሄደው የፍራንክ ኸርበርት የ1965 መጽሐፍ «ዱን»፣ የፕላኔቷ ሳይንቲስት ሊየት ካይንስ ወንድ ነው፤ ጠላቶቹ ያለ መከላከያ ልብስ በረሃ ላይ ጥለውት ይሞታል። በዴኒ ቪልነቭ የ2021 ፊልም ሚናውን የያዘችው ጥቁሯ እንግሊዛዊት ሻረን ደንከን ብሩስተር ስትሆን፣ ካይንስ ከቆሰለች በኋላ አሸዋውን በእጇ መትታ በአሸዋው ውስጥ የሚኖረውን ግዙፍ ትል ትጠራለች፤ ገዳዮቿም አብረዋት ይዋጣሉ። ጾታና ቀለም ብቻ ተለውጦ አሟሟቱ እንዳለ ቢቀር ኖሮ፣ በእኔ ግምት ለውጡ ከጌጥ አያልፍም ነበር።

ያው ፊልም በሌላ በኩል ሲታይ ግን ጎዶሎ ነው። ኸርበርት የበረሃውን ሕዝብ፣ ፍሬመኖችን፣ የቀረጸው ከዐረብኛና ከእስልምና አብዝቶ በመዋስ ሲሆን፣ «ጂሃድ» የሚለው ቃል በመጽሐፉ ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል፤ በፊልሙ ንግግር ቦታውን «ቅዱስ ጦርነት» ወስዶታል። ቀረጻው በዮርዳኖሱ ዋዲ ረምና በአቡ ዳቢ ሲካሄድ፣ የፍሬመኖቹ ዋና ዋና ሚናዎች ለስፔናዊው ኻቪየር ባርዴምና ለአሜሪካዊቷ ዜንዴያ ተሰጡ፤ አሸዋው የዐረብ ሆኖ ሰዎቹ የሌላ መሆናቸው ያስተቸውም በምክንያት ነው። እንዲህ ያለውን ክፍተት ለማግኘት ከተዋንያን ዝርዝር ይልቅ ጆሮ ይረዳል። አማርኛ ተናጋሪ ተመልካች እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው፤ ፍሬመኖች የሚጠብቁትን ነቢይ የሚጠሩበት «ሊሳን አል ጋይብ» ሲባል ሰምቶ «ልሳን»ን ማስታወሱ አይቀርምና፣ ቃሉ ከየት አካባቢ እንደ መጣ ለመጠርጠር መዝገበ ቃላት አያሻውም።

ፊልሙ ቀጣይ ክፍል ካለው የጻፉትን መልሰው ያርሙ። በ2024ቱ የ«ዱን» ሁለተኛ ክፍል፣ በመጽሐፉ ወንድ የሆነውን የፍሬመን ተዋጊ ሺሻክሊን የቱኒዚያ ዝርያ ያላት ስዊዘርላንዳዊት ሱሄላ ያኩብ ሴት አድርጋ ትጫወተዋለች፤ ስለ ካይንስ የተጠየቀው ጥያቄ፣ አሟሟቷን ጨምሮ፣ ለእርሷም ይጠየቃል።