ፈጣን ፕሮሰሰር ላለው ላፕቶፕ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል እንደሚያዋጣ እንዴት መወሰን ይቻላል?

ሁለት ላፕቶፖች በሌላው ሁሉ ተመሳስለው በፕሮሰሰር ብቻ ሲለያዩ፣ የዋጋው ልዩነት ለእርስዎ ምን እንደሚያስገኝ ሻጩም ማስታወቂያውም ሊነግርዎት አይችልም። መልሱ የሚገኘው ዛሬ በሚሠሩበት ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ፣ ዋጋ ከማወዳደርዎ በፊት ኮምፒውተሩ የት የት እንደሚያስጠብቅዎ ለይተው ይመዝግቡ።

ቀጣዩ እርምጃ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነውና ረጋ ብሎ መሥራት ይገባል። ኮምፒውተሩ በሚዘገይበት ሰዓት፣ በዊንዶውስ ከሆነ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱ፤ በማክ ደግሞ አክቲቪቲ ሞኒተር ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል። ራሙ፣ ማለትም ክፍት ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ፣ ሊሞላ ከተቃረበና ዲስኩ ያለማቋረጥ በሥራ ከተጠመደ፣ ኮምፒውተሩ በራም ጥበት ምክንያት መረጃ ወደ ዲስክ እያመላለሰ ሊሆን ይችላል፤ ይህንን ደግሞ የትኛውም ፕሮሰሰር አይፈታውም። ገንዘቡ ወደ ራም፣ ወይም ማሽኑ አሁንም የቀድሞውን ሃርድ ዲስክ የሚጠቀም ከሆነ ኤስኤስዲ ወደሚባለው ፈጣን ማከማቻ መሄድ አለበት።

ይበልጥ የሚያሳስተው ግን የፕሮሰሰሩ መቶኛ ነው፤ ምክንያቱም በዊንዶውስ የሚታየው ቁጥር የሁሉም ኮሮች (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ሥራ የሚሠሩ ክፍሎች) ድምር ውጤት እንጂ የአንዱ አይደለም። ትሬድ የሚባሉ 8 የሥራ መስመሮች ባሉት ፕሮሰሰር ላይ፣ በአንድ መስመር ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም የቻለውን ሁሉ እየሠራም ቢሆን 12.5 በመቶ ገደማ ሆኖ ይታያል፤ ይህን ያየ ሰው ፕሮሰሰሩ ሥራ እንደፈታ አድርጎ ይቆጥራል። ሥርዓተ ክወናው ሥራውን ከኮር ወደ ኮር ስለሚያዘዋውረው የየኮሩን ግራፍ ማየትም ሁልጊዜ አይበቃም። ስለዚህ 100ን በትሬዶቹ ብዛት ያካፍሉና፣ በሚጠብቁበት ጊዜ ሁሉ መቶኛው በዚያ ቁጥር አካባቢ ረግቶ እንደሆነ ይመልከቱ። ረግቶ ከቆየ የሚያስፈልግዎ የአንዱ ኮር ፍጥነት ነው፤ የኮሮች ብዛት አይረዳዎትም። መቶኛው ወደ 100 ከተጠጋ ግን ኮሮች መጨመራቸው ትርጉም አለው።

ከዚያ የሚያተርፉትን ጊዜ ያስሉ። 100 ሰከንድ ከሚወስድ ሥራ ውስጥ ፕሮሰሰሩ የሚይዘው 60 ሰከንድ ከሆነ፣ በ20 በመቶ የፈጠነ ፕሮሰሰር 60ውን ወደ 50 ያወርደዋል፤ ሥራው በጠቅላላው 90 ሰከንድ ይፈጃል ማለት ነው። ማስታወቂያው የሚጠራው 20 በመቶ በእጅዎ ሲገባ 10 ሰከንድ ብቻ ይሆናል።

አሁን የሞዴሉን ሙሉ ስም ያንብቡ። በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ስም ላይ አይ7 የሚለውን ብቻ አይቶ መክፈልን አጥብቄ እቃወማለሁ። ኢንቴል በ2022 ያወጣቸው አይ5-1235ዩ እና አይ7-1255ዩ ሁለቱም 10 ኮርና 12 ትሬድ አላቸው፤ ከፍተኛው የክሎክ (የሥራ ምት) ፍጥነታቸው 4.4 እና 4.7 ጊጋኸርዝ ስለሆነ ልዩነቱ 7 በመቶ አይሞላም። በአንጻሩ የዚያው ትውልድ አይ5-1240ፒ 12 ኮሮች ሲኖሩት፣ ከእነዚህ 4ቱ ከፍተኛ አቅም ያላቸው ናቸው፤ በአይ7-1255ዩ ግን እንደዚህ ያሉት 2 ብቻ ናቸው። በሌላው አምራች በኤኤምዲ የ7000 ተከታታይ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ደግሞ የንድፉን ትውልድ የሚያሳየውን ሦስተኛውን አኃዝ ይመልከቱ፦ ራይዘን 5 7520ዩ በ2019 በወጣው ዜን 2 በተባለ ንድፍ ላይ የተሠራ ሲሆን፣ 7540ዩ ግን ዜን 4 ነው።

ስሙ ጥሩ ቢሆንም የማቀዝቀዣው አቅም ሊገድበው ይችላል። ለምሳሌ አይ7-1255ዩ ለአጭር ጊዜ እስከ 55 ዋት ድረስ እንዲስብ ቢፈቀድለትም መነሻው 15 ዋት ነው፤ በቀጭን አካል ውስጥ ሲሞቅ ፍጥነቱ ይወርዳል። ስለዚህ የፍጥነት ፈተናው ሳይቋረጥ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ የተደጋገመበትን ግምገማ ይፈልጉ፤ በአንድ ዙር የተገኘ ውጤት ለረጅም ሥራ አያስተማምንም።

የአብዛኞቹ የዛሬ ላፕቶፖች ፕሮሰሰር ከማዘርቦርዱ (ከዋናው የወረዳ ሰሌዳ) ጋር የተበየደ ስለሆነ በኋላ አይቀየርም፤ በብዙ ቀጫጭን ሞዴሎች ራሙም እንዲሁ ነው። ራሙ የተበየደ ከሆነ ከ8 ወደ 16 ጊጋባይት ማሳደግ ከፕሮሰሰሩ ይቀድማል፤ ራም በኋላ የሚጨመርበት ቦታ ካለው ግን ገንዘቡን አሁን ለፕሮሰሰር ማዋል የተሻለ ምክንያት አለው።

በመጨረሻ የተረፈውን ጊዜ በአገልግሎት ዘመኑ ያባዙ። በዓመት 250 የሥራ ቀን ለ4 ዓመት ቢሠሩበት፣ በቀን 5 ሰከንድ ማትረፍ በጠቅላላው 83 ደቂቃ ገደማ ነው፤ በቀን 10 ደቂቃ ማትረፍ ግን ከ160 ሰዓት በላይ ይሆናል። ተኝተው ሳሉ ወይም ሌላ ሥራ ላይ ሆነው የሚያልቀውን የቪዲዮ ማቀናበር የመሰለ ሥራ ከዚህ ስሌት ያውጡት፤ የሚቆጠረው ስክሪኑ ፊት ተቀምጠው በእውነት የሚጠብቁት ጊዜ ብቻ ነው።