ከሞት በኋላ ገመና ሲወጣ፦ ሐዘንንና ምስጢርን አብሮ እንዴት መሸከም ይቻላል

አባት ይሞታል። ወረቀቶቹ ሲገላበጡ የማታውቁት ልጅ ስም ይወጣል። ወይም አንዲት ዘመድ አምልጧት "እሱ እኮ አሳዳጊሽ ነው" ትላለች። ያን ጊዜ ሐዘኑ እጥፍ ይሆናል። ሰውየውን አጥታችኋል፤ አውቀዋለሁ ስትሉት የነበረውን ሰውም እንዲሁ።

መጀመሪያ ምንም አትወስኑ። ደውሎ መጮህ፣ ጥሎ መውጣት ያምራል። ጥቂት ቀን ይቆይ። እስከዚያው ብሉ፣ ተኙ።

ቀጥሎ የምታውቁትን ከምትጠረጥሩት ለዩ። ወረቀት ለሁለት ክፈሉ። በአንዱ በኩል ያያችሁትንና በቀጥታ የተነገራችሁን፣ በሌላው ግምታችሁን ጻፉ። "ስላልወደደኝ ነው የደበቀኝ" የሚለው ሐሳብ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በግምቱ በኩል ነው። እስክትጠይቁ ድረስ እዚያው ይቆይ።

መጠየቁ ነው ከባዱ። ሰው በተሰበሰበበት አይሆንም። ነገሩን የሚያውቅ አንድ ሰው ምረጡ፤ ለብቻው አግኙት። አብሮ እየሄዱ ማውራት ፊት ለፊት ከመፋጠጥ ይቀላል። ድንገት አትምጡባቸው። "ስለ አባዬ የሰማሁት ነገር አለ፤ መቼ ይመችሻል?" በሉ። "ለምን ዋሻችሁኝ?" ከተባለ ሰው ራሱን መከላከል ይጀምራል። "ያኔ ምን ነበር የሆነው?" ሲባል ግን ማስታወስ ይጀምራል። የጠየቃችኋት ሰው ዝም ካለች "ሲመችሽ እመለሳለሁ" በሉና በእርግጥም ተመለሱ። እሷም ሐዘንተኛ ናት፤ ምናልባትም ምስጢሩን ለዓመታት በአደራ ተሸክማለች። ይህን መረዳት ቁጣችሁን አይሰርዝም። መናደድ መብታችሁ ነው።

ሟች ብቻ የሚመልሰው ጥያቄ ሲቀር ለራሱ ጻፉለት። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄምስ ፔኔቤከር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተማሪዎችን በቀን 15 ደቂቃ፣ ለ4 ተከታታይ ቀን ስለደረሰባቸው ክፉ ነገር አጽፎ ነበር። የሆነውንም የተሰማቸውንም የጻፉት ወዲያው ቢከፋቸውም በቀጣዮቹ ወራት ወደ ሐኪም የሄዱት ከሌሎቹ ባነሰ ቁጥር ነው። ስለዚህ ጽፋችሁ ስትነሱ ሆድ ቢብሳችሁ አትደንግጡ። ከአቅም በላይ ከሆነ ግን ተዉት።

"ሐዘን አምስት ደረጃ አለው" ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ኤልሳቤት ኩብለር ሮስ እ.ኤ.አ. በ1969 ደረጃዎቹን ስታስተዋውቅ የምታወራው ለሞት ስለተቃረቡ ሕሙማን ነበር። በቅደም ተከተል የምታልፉት ፈተና የለባችሁም። ጠዋት ተናዳችሁበት ማታ ብትናፍቁት፣ በመሀል ከጓደኛ ጋር ብትስቁ፣ ምንም አላጠፋችሁም።

አንድ ነገር ግን አይቆይም። ምስጢሩ በእናንተ ወይም በሌላ ልጅ ላይ የተፈጸመ ጥቃት ከሆነ ገመና ብላችሁ አትሸፍኑት፤ ለምታምኑት አዋቂ ወይም ለባለሙያ ተናገሩ። መሞት ካሰኛችሁም ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገሩ።

የማታውቁት ወንድም ወይም እህት ካለ የመጀመሪያው መልእክት አጭር ይሁን። ማን እንደሆናችሁ፣ እንዴት እንዳወቃችሁ፣ ምንም እንደማትጠብቁ ንገሩት። የአባታችሁን ሞት ላይሰማ ስለሚችል መርዶውን በጽሑፍ አትላኩለት። መጀመሪያ አብሮት የሚሆን ሰው እንዳለ ጠይቁ።