ዙሩ ከመክረሩ በፊት፦ ከጓደኞች ጋር 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ሰዓት ማሻሻል

አምና ኮምቦልቻ ላይ የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር በ4 ደቂቃ ከ32 ሰከንድ ሮጥኩት። ባጃጅ ነጂው ጓደኛችን ከመነሻው ተተኮሰ፤ እኔም ተከተልኩት። ግማሹን በ24 ከ32 አለፍኩ። ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ብቻውን 5 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ወሰደብኝ። አሥሩን ስጨርስ ሰዓቴ 51 ከ24 ይላል። ዘንድሮ በዚያው መንገድ፣ ከእነዚያው ሰዎች ጋር ሮጬ 49 ከ41 ገባሁ። ልምምዴ ከአምናው ብዙም አይለይም። የለወጥኩት ከጓደኞቼ ጋር የምሮጥበትን ዘዴ ነው። እሱን ልንገራችሁ።

የምኖረው ደሴ ነው። ሒሳብ አስተምራለሁ። አብረን የምንሮጠው አራት ነን፦ ባጃጅ ነጂው፣ አንዲት ነርስ፣ እኔ፣ እና 58 ዓመት የሞላቸው ጋሼ።

ከሁሉ በፊት መንገዱን ምረጡ። የደሴ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ መግባት ነው። ቁልቁለት ነው፤ ሰዓቱም ያምራል። እባካችሁ ይቅርባችሁ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ ናት። ከ600 ሜትር በላይ እየወረዳችሁ ያገኛችሁት ሰዓት አቅማችሁን አይነግራችሁም። የዓለም አትሌቲክስ ደንብም ይህን አይቀበልም። በጎዳና ሩጫ ክብረ ወሰን እንዲጸድቅ መንገዱ ከመነሻ እስከ መድረሻ በአማካይ በኪሎ ሜትር ከ1 ሜትር በላይ መውረድ የለበትም። ለ10 ኪሎ ሜትር 10 ሜትር ማለት ነው። መነሻውና መድረሻውም ከሩጫው ርቀት ግማሽ በላይ እንዲራራቁ አይፈቀድም። ነፋስ ከኋላ እየገፋ እንዳያግዝ ነው። ደግሞ የሐረጎ ቁልቁለት ጭን ይጨርሳል። ጠመዝማዛው ላይ ሲኖትራክ ሲመጣ መሸሻም የለም።

እኛ ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ መኪና የማይበዛበት አስፋልት ይዘን፣ 2 ኪሎ ሜትር ተኩል ሄደን እንመለሳለን። ይህን ሁለት ጊዜ ስናደርገው 10 ይሞላል። በመሄጃ የወረዳችሁትን በመመለሻ ትወጡታላችሁ፤ ነፋሱም እንደዚያው ይካካሳል። ሌላም ጥቅም አለው። ስትታጠፉ የጓደኞቻችሁን ፊት ታያላችሁ። ማን እንደተዳከመ ፊቱ ይናገራል።

ርቀቱን በባጃጅ ቆጣሪ አትለኩት። ስልክም ቢሆን አንዳንዴ ይሳሳታል። እኛ የለካነው በብስክሌት ነው። ጎማውን በደንብ ነፍተን፣ አየር መግቢያው ላይ ቀይ ክር አሰርን። የወንድሜ ልጅ ብስክሌቱ ላይ እንደተቀመጠ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ስንት እንደሚሄድ በሜትር ለካን። ተቀምጦበት መሆኑ ይጠቅማል፤ ክብደት ሲያርፍበት ጎማው ትንሽ ይጨፈለቃል። የእኛው 2 ሜትር ከ7 ሳንቲ ሜትር ሆነ። 2,500 ሜትር ለ2.07 ሲካፈል 1,208 ዙር ነው። ልጁ እየነዳ ይቆጥራል። በየመቶው አንድ ባቄላ ከግራ ኪሱ ወደ ቀኝ ኪሱ ያዞራል። አሥራ ሁለት ባቄላና ስምንት ዙር ሲሞላ አስፋልቱ ላይ በነጭ ቀለም ምልክት አደረግን። መታጠፊያ ካለ በውስጠኛው በኩል ለኩ፤ ሯጭ የሚሄደው በዚያ ነውና። የኪሎ ሜትሮቹንም ምልክት እንዲሁ አድርጉ። ያለዚያ በየኪሎ ሜትሩ ሰዓት መያዝ አትችሉም።

ከፍታውንም አትርሱ። በደሴ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ኮምቦልቻ ስትወርዱ አራት አምስተኛ ይጠጋል። እንኳን እግር፣ ትንፋሽም ልዩነቱን ያውቀዋል። ስለዚህ ደብተሬ ውስጥ ለደሴና ለኮምቦልቻ የተለያየ ገጽ አለኝ። የአንዱን ሰዓት ከሌላው ጋር አላወዳድርም። እናንተም አታወዳድሩ።

ቀን ስትቆርጡ ጾሙን እዩ። ከእኛ ውስጥ ሁለታችን ክርስቲያን፣ ሁለቱ ሙስሊም ነን። ረመዳንና ዐቢይ ጾም ላይ ውድድር አናደርግም። እኛ የጥቅምትን መጨረሻ እንወዳለን። ክረምቱ አልቋል፣ መንገዱ ደርቋል፣ ጠዋቱ ቀዝቃዛ ነው፣ የነቢያት ጾምም አልገባም። ውርርድ የለም፤ ለሁለቱ ሐራም ነው፤ እኛም አንፈልገውም። ያሸነፈ ቡና ያፈላል። በቃ።

ከዚያ ተቀመጡና እያንዳንዳችሁ የምትፈልጉትን ሰዓት ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። ይህን አምና አላደረግነውም። ሰዓታችሁን ስትናገሩ ከማን ጋር መሮጥ እንዳለባችሁ ወዲያው ይታወቃል። ባጃጅ ነጂው 45 አለ። ነርሷ 49 ከ45። እኔ 49 ከ50። ጋሼ “ልጄ፣ እኔ ከ58 በታች ከገባሁ አልሐምዱሊላህ” አሉ። በዚያች ደቂቃ ባጃጅ ነጂው የእኔ ተፎካካሪ መሆኑ ቀረ። የእኔ ሰው ነርሷ ናት። እናንተም ከእናንተ በትንሹ ብቻ የሚፈጥን አንድ ሰው ፈልጉ። በ10 ኪሎ ሜትር ከ5 እስከ 20 ሰከንድ የሚበልጣችሁ ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚበልጣችሁን ከተከተላችሁ እንደ አምናው እንደ እኔ ትሆናላችሁ።

ስለ ልምምድ ብዙ አልልም። ማክሰኞ ቦሩ ሜዳ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ስድስት ጊዜ፣ በመሃሉ ሁለት ደቂቃ ሶምሶማ። ሐሙስ ወደ ጦሳ አቅጣጫ ዳገት። እሁድ ቀስ ያለ 15 ኪሎ ሜትር፣ እያወሩ። ሌላው ቀን ቀላል ሩጫ ወይም እረፍት። በመጨረሻው አሥር ቀን ርቀቱን በግማሽ ቀንሱ፤ ፍጥነቱን ግን አትጣሉት። ጫማ ሰልባጅ ከሆነ ሶሉን በአውራ ጣት ተጫኑት። ድንጋይ ከሆነባችሁ ተዉት። አዲስ ጫማ ደግሞ በውድድር ቀን አይደረግም። ቢያንስ ሦስት ሳምንት ሩጡበት።

ዋዜማውን እኔ ምሳ ላይ እንጀራ እጠግባለሁ። ማታ ግን ፓስታ ወይም ሩዝ፣ በርበሬ የሌለው። ጠዋት ከሩጫው ሁለት ሰዓት ተኩል በፊት በሶ በውሃ በጥብጬ፣ ማንኪያ ማር ጨምሬ እጠጣለሁ። በሶ ቀላል ነው፤ አቅም ይሰጣል፤ ሆድ አይረብሽም። በዚያው ቀን ከደሴ የምትወርዱ ከሆነ ሚኒባሱ ውስጥ ፊት ወንበር ያዙ። ሐረጎ ላይ ሆዳቸው የተገለበጠ ሰዎች አይቻለሁ። እኛ ዘንድሮ ቅዳሜ ወርደን ነርሷ ዘመድ ቤት አደርን። በጣም ይሻላል።

ሩጫውን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምሩ። ኮምቦልቻ ከደሴ ይሞቃል፤ ፀሐይዋ ከወጣች በኋላ ቶሎ ትበረታለች። ከመነሳታችሁ በፊት 15 ደቂቃ ሶምሶማ፣ ከዚያ ሃያ ሃያ ሰከንድ አራት ጊዜ ፈጠን ማለት። ላብ ሲጀምራችሁ በቂ ነው።

አሁን ሩጫው። እቅዴን መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ ጽፌዋለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ኪሎ ሜትሮች በ5 ከ05። ቀጣዮቹ ስድስት በ5 ደቂቃ። የመጨረሻዎቹ ሁለት በ4 ከ50። ሲደመር 49 ከ50 ነው። የእናንተን በዚሁ መንገድ አስሉ፦ በምትፈልጉት ሰዓት ላይ አሥር ሰከንድ ጨምራችሁ ለአሥር አካፍሉ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት አምስት አምስት ሰከንድ ጨምሩ፣ ከመጨረሻዎቹ ሁለት አሥር አሥር ቀንሱ።

አስቸጋሪው መጀመሪያው ነው። እግር ትኩስ ነው፣ ጓደኛ ይሄዳል፣ ልብ ይከተላል። አትከተሉ። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሰውነት ድካሙን ገና አይናገርም። በኋላ ግን ሁሉንም አንድ ላይ ያወራርዳል። ባጃጅ ነጂው ዘንድሮም ተተኮሰ። ጀርባው ሲርቅ እያየሁ አንደኛውን በ5 ከ06 አለፍኩ። ሆዴ ተቃጠለ። እ.ኤ.አ. በ2019 በርሊን ማራቶን ላይ ቀነኒሳ በቀለን አሰብኩት። ብርሃኑ ለገሠ ሲያከርረው ቀነኒሳ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። አልተርበተበተም። ቀስ በቀስ ደርሶበት፣ አልፎት፣ በ2 ሰዓት ከ01 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ አሸነፈ። ከክብረ ወሰኑ የጎደለው 2 ሰከንድ ብቻ ነበር።

ከሁለት እስከ አምስት ኪሎ ሜትር የነርሷን ጀርባ ያዝኩ። በደንብ ያዙ። ከትከሻ ትንሽ ወደ ጎን፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ነፋስ ካለ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከኋላ። ተረከዟን አትዩ፤ ትደናቀፋላችሁ። ትከሻዋን እዩ። እሷ ሰዓት ትይዛለች፣ እኔ እተነፍሳለሁ። በሁለተኛው ዙር እኔ ልመራላት ቃል ገብቼ ስለነበር አምስተኛው ላይ ወጣሁ። ግማሹ 25 ከ10። አምና ከዚህ በ38 ሰከንድ እፈጥን ነበር፤ ዘንድሮ ግን ትንፋሼ የእኔ ነበር።

ሰባተኛው ላይ ዛልኩ። እዚያ ቦታ ሁሌም እዝላለሁ። ነርሷ ከጎኔ መጣችና “አብሽሪ ማሬ፣ አብሽሪ” አለችኝ። ሁለት ቃል ነው፤ ግን ትከሻዬ ሲወርድ ታወቀኝ። ለጓደኛችሁ እንዲህ ያለ ቃል አትንፈጉ። እሱ ሲፈጥን እናንተም ትፈጥናላችሁ። ጋሼ በተቃራኒው መስመር ሲመጡ “አይቸኩሉ ጋሼ፣ ደርሰዋል!” አልናቸው። እጃቸውን አነሱልን።

ዙሩን የምታከርሩት ስምንተኛውን ካለፋችሁ በኋላ ነው። በአንዴ አይደለም። እጃችሁን ፈጠን አድርጉ፣ እግር ይከተላል። ሰው የምታልፉ ከሆነ ቆርጣችሁ እለፉ። ጎን ለጎን ሆናችሁ አትዘግዩ፤ ሁለታችሁም ትደክማላችሁ። ዘጠነኛውን በ4 ከ52፣ አሥረኛውን በ4 ከ40 ሮጥኩ። የመጨረሻው ሃምሳ ሜትር ላይ አትልቀቁ። ኃይሌና ፖል ቴርጋት በሲድኒ 2000 ከ10,000 ሜትር በኋላ የተለያዩት በ9 መቶኛ ሰከንድ ነው። ቴርጋት ቀድሞ ነበር የወጣው፤ ኃይሌ የደረሰበት በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ነው።

ስትገቡ ወዲያው አትቀመጡ። አሥር ደቂቃ ተራመዱ፣ ውሃ ተጎንጩ፣ ደረቅ ልብስ ልበሱ። ከዚያ አቦሉ ሳይወርድ የየኪሎ ሜትሩን ሰዓት ጻፉ። በረካው ላይ ስትደርሱ ትረሱታላችሁ። ባጃጅ ነጂው 45 ከ12 ገብቶ ቡናውን አፈላ። ጋሼ 57 ከ50። ነርሷ 49 ከ38፣ እኔ 49 ከ41። ሦስቱ ሰከንድ የት እንደጠፉ አውቃለሁ። የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ሰፋ አድርጌ ዞርኩ። ከመታጠፊያው በፊት እርምጃ ማሳጠር፣ ምልክቱን ተጠግቶ መዞር፣ ስወጣ አሥር ፈጣን እርምጃ ማድረግ ነበረብኝ። እሁድ ቦሩ ሜዳ ላይ ጠርሙስ አቁሜ እለማመደዋለሁ። ነርሷም እመጣለሁ ብላለች።