ምጣድ ከመፍታትህ በፊት፦ በኦምና በዋት ስሌት የሚደጋገሙ ስህተቶች

ቀመሩን ሁሉም ያውቀዋል። ቮልቴጁን ለከረንቱ ስታካፍል ሬዚስታንስ (በኦም)፣ ስታባዛቸው ፓወር (በዋት) ታገኛለህ። ጎንደር ውስጥ ሥራ ልማር ብሎ የሚመጣ ልጅ ሁሉ የቀመሩን ሦስት ማዕዘን ወረቀት ላይ ስሎ ያሳየኛል። ጣጣው ያለው ወደ ቀመሩ በሚገቡት ቁጥሮች ላይ ነው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ አንዱን ቁጥር ከመለኪያው ሜትር፣ ሌላውን ከዕቃው ጀርባ የሚያነብ ሰው ነው። «220 ነዋ!» ይልሃል። ለካኸው? አልለካሁትም። እና ማን ነገረህ? 220 ምጣዱ ላይ የተጻፈ ቁጥር ነው። አሁን፣ በዚህ ሰዓት፣ ሶኬቱ ውስጥ ስንት እንዳለ የሚነግርህ ሜትርህ ብቻ ነው።

አንድ ጊዜ በከተራ ዋዜማ አራዳ አካባቢ ተጠራሁ። ሰፈሩ ሁሉ ለጥምቀት እንግዳ ይጋግራል፣ አምፖሉ ደክሞ ቀልቷል። የቤቱ እናት እንጀራቸው ዓይን አላወጣ ብሏቸው ተናደዋል። ከእኔ በፊት የመጣ ልጅ ከረንቱን ለክቶ 13.5 አምፔር አግኝቷል። 220ን ለ13.5 አካፍሎ 16.3 ኦም፤ «ሽቦው አርጅቷል፣ ይቀየር» ብሎ ሄዷል። ቮልቴጁን ምጣዱ ጫፍ ላይ ለካሁት። 180! እንግዲህ 180 ለ13.5 ሲካፈል 13.3 ኦም ነው፣ ሽቦውም ደህና ነው። ይህ ምጣድ ሙሉ 220 ቢያገኝ 16.5 አምፔር ስቦ ወደ 3630 ዋት ይሰጥ ነበር፤ በ180 ግን 2430 ዋት ብቻ ነው የሚሰጠው። ቮልቴጁ የቀነሰው አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም፣ ሙቀቱ ግን ሲሶው ሄዷል፣ ምክንያቱም ቮልቴጅ ሲወርድ ከረንቱንም ይዞት ይወርዳል። «እናቴ፣ ሽቦ አይግዙ፤ መሸት ብሎ መብራቱ ሲበረታ ይጋግሩ» አልኳቸው።

ስለዚህ ሁለቱንም በአንድ ሰዓት፣ በዚያው ዕቃ ላይ ለካ። ኤክስቴንሽን ካለ ደግሞ ቮልቴጁን ግድግዳው ላይ ሳይሆን የኤክስቴንሽኑ መጨረሻ ላይ። ቀጭን ኤክስቴንሽን ምጣድ ሲሰካበት ስንት ቮልት እንደሚበላ ስታይ ትገረማለህ።

ሁለተኛው የተቆረጠ የምጣድ ሽቦ ነው። ሽቦው ሲበጠስ የተቃጠለውን ቆርጦ ጫፎቹን ማጠማዘዝ የተለመደ ነው። ከዚያ «ሽቦው ስላጠረ ሙቀቱ ይቀንሳል» ይላሉ። የተገላቢጦሽ ነው! ከ13.3 ኦም አንድ አሥረኛውን ብትቆርጥ 12 ይቀራል። 220 ለ12፣ 18.3 አምፔር። ፓወሩ ከ4000 ዋት አለፈ። ሽቦው ይቀላል፣ ብዙ ሳይቆይ ሌላ ቦታ ይበጠሳል፣ እንደገና ይቆረጣል፣ እንደገና ያጥራል።

እዚህ ላይ ልጆቹ ግራ ይጋባሉ። «ኦሙ ሲያንስ ሙቀት ከጨመረ፣ የላላ ስፒና ኦሙ በዝቶ ለምን ይቀልጣል?» ጥሩ ጥያቄ ነው፣ የሚጠይቀኝን ልጅ እወደዋለሁ። ምጣዱ ብቻውን ሲታይ ቮልቴጁ የተወሰነ ነው፤ ኦሙ ሲያንስ ከረንቱ ይበዛል። በስፒናው የሚያልፈውን ከረንት የሚወስነው ግን ምጣዱ ነው። ስፒናው ቢላላም ባይላላም 16 አምፔር ገደማ ያልፍበታል። ስለዚህ ከረንቱን በራሱ አባዝተህ በስፒናው ኦም ታባዛለህ። በራሱ ማባዛቱን ነው ሁሉም የሚረሳው። የላላው ቦታ 0.2 ኦም ቢሆን 16 ጊዜ 0.2 ብለው 3.2 ያገኙና «3 ዋት ምን ያመጣል» ይላሉ። ወንድሜ፣ ያገኘኸው ቮልት ነው! ዋቱ 16 ጊዜ 16 ጊዜ 0.2 ነው፣ ከ50 ይበልጣል። ሊድ የምናቀልጥበት ካውያ 40 ዋት ነው። ስፒናው ለምን እንደጠቆረ አሁን ገባህ?

አምፖልን በኦም ሜትር ለክቶ ዋት ማስላትም አለ። ባለ ክር 100 ዋት አምፖል ሲበራ 484 ኦም ገደማ ነው። ቀዝቅዞ ስትለካው ግን ከዚያ አንድ አሥረኛ ወይም ያነሰ ታነባለህ፣ ክሩ ሲግል ሬዚስታንሱ ስለሚያድግ። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ኦም በፈረንጆቹ 1827 ያሳተመው ሕግ ሙቀቱ ካልተለወጠ ነው በአንድ ቋሚ ቁጥር የሚሄደው። የምጣድ ሽቦ በሙቀት ብዙ ስለማይለወጥ እሱን ቀዝቃዛ ብትለካው ያስኬዳል።

ክላምፕ ሜትር (ሽቦውን አቅፎ ከረንት የሚለካው) በሙሉ ገመዱ ላይ አታጥልቅ። የሚሄደውና የሚመለሰው ይጣፋሉ፣ ዜሮ ነው የሚያሳይህ። አንዱን ሽቦ ለይ።

ሚሊ አምፔርን ወደ አምፔር ሳትቀይር አታካፍል። 20 ሚሊ አምፔር 0.02 ነው። በ12 ቮልት ባትሪ ላይ 2 ቮልት የምትወስድ ትንሽ ኤልኢዲ ስታገናኝ ደግሞ ለሬዚስተሩ የሚቀረው 10 ቮልት ነው፤ 500 ኦም ይበቃታል። 12ቱን እንዳለ የሚያካፍል ብዙ ነው።

መብራት እያለ ኦም አትለካ። ይህን እንኳ መጻፍ አልነበረብኝም፣ ግን የተቃጠሉትን ሜትሮች አይቻለሁ።

የመጨረሻው ሞተር ነው። ፍሪጅና የውሃ ፓምፕ ላይ ቮልትና አምፔር ስታባዛ የምታገኘው ዋት አይደለም፣ ቮልት አምፔር ነው። 220 ቮልት ላይ 5 አምፔር የሚስብ ፓምፕ 1100 ያሳይሃል፤ ፓወር ፋክተሩ (ከዚያ ውስጥ እውነተኛ ዋት የሚሆነው ድርሻ) 0.8 ከሆነ እውነተኛው ፓወር 880 ዋት ነው። የሞተሩን የሽቦ ጥቅል በኦም ሜትር ለክቶ 220ን ለዚያ ማካፈልም የማይሆን ከረንት ይሰጥሃል። ጄኔሬተር ለመምረጥ ከሆነ ግን ያንኑ 1100 ያዝ፣ ሲነሳማ ለቅጽበት ከዚያም እጥፍ ድርብ ይስባል።